የሐር ቀሚስና ቁጥር 132

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በቨርሞንት ግዛት፣ ብራንደን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ፎረስት ዴል የሚባል መንደር አለ። በ1833 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቶማስ ዴቨንፖርት የሚባል ሠላሳ ዓመት የሞላው አንጥረኛ በዚያ መንደር ወናፉን እየነፋ፣ ብረቱን እየቀጠቀጠ ይኖር ነበር። አባቱ የሞቱት በልጅነቱ ነው። በ14 ዓመቱ ለአንጥረኛ ተሰጥቶ ሙያ ተማረ፤ ትምህርት ቤት የዋለባቸው ቀኖች ጥቂት ነበሩ። በዚያ ዓመት ከሻምፕሌን ሐይቅ ማዶ፣ ክራውን ፖይንት ከሚባል ስፍራ አንድ ወሬ ደረሰው። የብረት ማዕድን የሚለዩ ሰዎች የአንጥረኛን መስፍ ከምድር አንሥቶ አየር ላይ የሚያንጠለጥል ማግኔት አምጥተዋል ተባለ።

ይህ ለአንጥረኛ ተራ ወሬ አይደለም። መስፍ ማለት ዕድሜውን ሙሉ ሲደበድበው ንቅንቅ የማይል ነገር ነው። ያንን በሽቦ የተጠመጠመ የብረት ቁራጭ ያነሣዋል ሲሉት እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ሄዶ አየው፤ አየውና ሊገዛው ቆረጠ። ገንዘብ ግን አልነበረውም። ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ወንድሙ ጥሩውን ፈረስ በደካማ ፈረስ ለውጦ ልዩነቱን በገንዘብ ተቀበለና ማግኔቱ ተገዛ። ወደ ቤት እንደ ገቡ ዴቨንፖርት ፈታታው። ሽቦው ስንት ዙር እንደ ዞረ፣ በየት በኩል እንደ ተጠመጠመ፣ እሱ ሲፈታ ሚስቱ ኤምሊ እየተከታተለች ጻፈች።

ከዚያ የራሳቸውን ለመሥራት ተነሡ። የተጠመጠመ ሽቦ እርስ በርሱ ከተነካካ ኤሌክትሪኩ ዙሩን ሳይጨርስ በአቋራጭ ያልፋል፤ ስለዚህ ሽቦውን የሚለይ ሽፋን ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ሐር ጥሩ ነው። በአንጥረኛ ቤት ሐር ከየት ይመጣል? ኤምሊ የሰርግ ቀሚሷን አውጥታ በቀጫጭኑ ቀደደችው ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳስብ ብረቱ አይደለም የሚታየኝ፤ ያ የሚቀደድ ሐር ድምፁ ይሰማኛል።

የደከሙበት ነገር ምን ነበር? ሁለት ማግኔቶች በተቃራኒ ጫፎቻቸው ይሳሳባሉ፣ በተመሳሳይ ጫፎቻቸው ይገፋፋሉ። አንዱን በዘንግ ላይ ብናስቀምጠው ወደሚስበው ዞሮ፣ ፊት ለፊት ሲገጥመው ቀጥ ይላል። መገናኘታቸው የእንቅስቃሴያቸው መጨረሻ ነው። ዴቨንፖርት ኋላ ባስመዘገበው ንድፍ ላይ ኤሌክትሮማግኔቶቹን እንደ መስቀል አድርጎ በዘንግ ላይ አቆመ፤ በዙሪያቸው የማይንቀሳቀሱ ቋሚ ማግኔቶችን እንደ ቀለበት አኖረ፤ ዘንጉ ላይ ደግሞ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በጊዜው የሚገለብጥ መገናኛ አበጀ። ተሽከርካሪው ወደሚስበው ጫፍ ሊደርስ ሲል መስሕቡ ወደ ግፊት ይለወጣል፤ ከደጃፍ ተባርሮ ወደሚቀጥለው ይሮጣል፤ እዚያም ይባረራል። የዛሬ መሐንዲስ ሮተር የሚለው ይህንኑ የማያርፍ እንግዳ ነው። በ1834 ዴቨንፖርት ዘንጉን ማዞር ቻለ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። አሜሪካ ከ1793 እስከ 1836 ድረስ ፓተንት የምትሰጠው ሳትመረምር ነበር፤ ያመለከተና የከፈለ ሁሉ ይወስድ ነበር። ያንኑ ማሽን ሁለት ሦስት ሰዎች ፓተንት አውጥተውበት ፍርድ ቤት ይካሰሱ ጀመር። ጁላይ 4 ቀን 1836 የወጣው ሕግ ይህን ሻረና መርማሪ የሚባል ሹም ፈጠረ። የመርማሪው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ነገር ከአሁን በፊት ነበረ ወይ? ቁጥሩም እንደ ገና ከአንድ ተጀመረ። ቁጥር 1 ለሎኮሞቲቭ መንኮራኩር ተሰጠ፤ ባለቤቱም ሕጉን ያረቀቀው የሜይን ግዛት ሴናተር ጆን ራግልስ ራሱ ነበር! (ሕግ አርቃቂ ለራሱ ሲያረቅ የትም አገር ፈጣን ነው።)

ዴቨንፖርት ግን ፈጣን አልነበረም። በ1835 ወደ ዋሽንግተን ለመድረስ ተነሥቶ ገንዘቡ መንገድ ላይ አልቆበት ተመለሰ። ራንሰም ኩክ ከሚባል ባለ እጅ ጋር ሽርክና ገብቶ እንደ ገና ሞከረና ሞዴሉን ላከ። ዲሴምበር 15 ቀን 1836 የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ተቃጠለ። ከ40 ዓመት በላይ የተከማቸ የአገሪቱ የፈጠራ ማኅደር፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሞዴሎችና ሥዕሎች፣ የመርማሪዎቹ መጻሕፍት ጭምር አመድ ሆኑ። የዴቨንፖርትም ሞዴል ከነሐሩ በዚያው ነደደ። ሌላ ሠርቶ ላከ። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1837 ፓተንት ቁጥር 132 ተሰጠው፤ ቃጠሎው ከደረሰ በ72 ቀን መሆኑ ነው። «ይህ ከአሁን በፊት ነበረ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የተጠየቀው የራሱ ትዝታ በተቃጠለበት ቤት ነበር።

የባንክ ሰው በመሆኔ ይህ ነገር ይበልጥ ይገባኛል መሰለኝ። እኛ ዘንድ የገቢ ንግድ ሰነድ የሚመረምር ሠራተኛ ዕቃውን አያይም። የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ ወረቀቱ ከወረቀቱ ጋር ከተስማማ ይከፍላል። የዋሽንግተኑ መርማሪ ወረቀቱን የሚያስተያይበት ወረቀት አልነበረውም። ሞሪትዝ ያኮቢ የሚባል መሐንዲስ በ1834 በፕሩሲያ፣ በኮኒግስበርግ፣ የሚሽከረከር የማግኔት ሞተር ሠርቶ ስለ ሥራው ጽፎ ነበር። በእንግሊዝ አገርም ዊልያም ስተርጀን አቅጣጫ የሚገለብጠውን መገናኛ ቀደም ብሎ ተጠቅሞበታል። የቨርሞንቱ አንጥረኛ ከእነዚህ ምንም ሳይሰማ ነው ከዚያው የደረሰው።

የፓተንቱም ቃል እንዴት ሰፊ ነው! የፓተንት ልቡ «የእኔ ነው» የሚለው የይገባኛል አንቀጽ ነው። ዴቨንፖርት ይገባኛል ያለው የማግኔትንና የኤሌክትሮማግኔትን ኃይል ለማሽን ማንቀሳቀሻ ማዋልን ነው፤ ባሳየው መንገድም ሆነ በመሠረቱ ያንኑ በመሰለ በሌላ መንገድ። ባሕሩን ሁሉ በአጥር እንደ መክበብ ነው። ተፈቀደለትም።

ዛሬ በዚህ መስክ ያለ መርማሪ ፊት የሚቀርበው ሌላ ነው። አገራችን በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳና ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉት መኪኖች በዝተዋል። ከብዙዎቹ ሆድ ውስጥ ያለው ሞተር የዴቨንፖርት ሞተር ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል። ያኔ ዙሪያውን ቆመው የነበሩት ቋሚ ማግኔቶች አሁን ሮተሩ ውስጥ ገብተው ይሽከረከራሉ፤ ያኔ ይሽከረከር የነበረው የሽቦ ጥምጥም አሁን ዙሪያውን ቆሟል። ማግኔቱም ያው ብረት አይደለም። በ1983 የጃፓኑ ማሳቶ ሳጋዋና የጄኔራል ሞተርሱ ጆን ክሮት፣ ሳይመካከሩ፣ ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የተሠራውን ብርቱ ማግኔት ለዓለም አሳወቁ። ያኮቢና ዴቨንፖርት እንደ ገና ተወለዱ ያሰኛል። በዚያ ማግኔት ላይ የፓተንት ወረቀት ብዙ ገንዘብ አንቀሳቅሷል።

ማግኔቶቹ ሮተሩ ውስጥ የሚቀመጡት አንዱ በአንዱ ላይ በተደረደሩ ስስ የብረት ሉሆች መካከል በተቆረጡ ቀዳዳዎች ነው። አንድ ጠፍጣፋ ማግኔት አግድም ሊገባ ይችላል፤ ሁለት ሆነው እንደ «ቨ» ፊደል ሊያጋድሉ ይችላሉ፤ ቶዮታ በ2003 ባወጣው ሁለተኛው ፕሪየስ ያደረገው ይህን ነው። ከጫፋቸው ማግኔቱ ጉልበቱን በከንቱ እንዳያፈስ ትንሽ ባዶ ኪስ ይተዋል። ከኪሱ ውጭ ደግሞ ሮተሩ በፍጥነት ሲዞር ማግኔቱ ተወርውሮ እንዳይወጣ የሚይዝ ቀጭን የብረት ድልድይ አለ። ድልድዩ ከወፈረ ጉልበት ይባክናል፤ ከቀጠነ ይበጠሳል። እንግዲህ የዛሬ አመልካች ይገባኛል የሚለው የዚያን «ቨ» ማዕዘን፣ የዚያን ኪስ ቅርጽ፣ የዚያን ድልድይ ውፍረት ነው። ባሕሩ አልቆ ኩሬውን በስንዝር የሚካፈሉ ይመስላል። ይህን ስል ግን መናቄ አይደለም፤ ከዚያች ስንዝር ውስጥ አንድ መኪና በአንድ ሙሌት የሚሄደው መንገድ ይረዝማል።

የመርማሪውም ጥያቄ ከብዷል። ማዕዘኑን በጥቂት ዲግሪ የለወጠ ሰው በእርግጥ አዲስ ነገር ሠርቷል፤ ያ ማዕዘን ከዚያ በፊት አልነበረም። ግን ሙያውን የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ሲሞክር ሲሞክር የሚደርስበት ከሆነስ? የእኛም የ1987 ዓ.ም. የፈጠራ አዋጅ፣ ቁጥር 123፣ አዲስነት ብቻውን አይበቃም ይላል። በአሜሪካ ይህ ሐሳብ ሥር የያዘው የሸክላ የበር እጀታን በተመለከተ ክርክር ነው። የእንጨቱን ወይም የብረቱን እጀታ በሸክላ መለወጥ ብቻ ከተራ ባለ ሙያ ብልሃት የበለጠ ነገር የለበትም ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፓተንቱን ጣለው። ሆችኪስ በግሪንዉድ ላይ ያቀረበው ይህ ክርክር የተወሰነው በ1851 መጀመሪያ ነው። ይህን ዓመት ያዙልኝ።

ሰፊው ወረቀት ለዴቨንፖርት ምን አመጣለት? ፓተንቱ በተሰጠ በሦስተኛው ወር፣ በሜይ 1837፣ የኒውዮርክ ባንኮች ወረቀታቸውን በወርቅና በብር መመንዘር አቆሙ፤ አገሪቱ በገንዘብ ድቀት ተመታች። ያቋቋሙት ኩባንያ አልዘለቀም። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ባትሪው ነው። ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚገኘው ዚንክን በአሲድ በማስበላት ነበር፤ ዚንክ ደግሞ ከድንጋይ ከሰል እጅግ ይወደዳል። የእንፋሎት ሞተር ርካሽ እያለ ማን ይገዛዋል? ሆኖም በ1840 በሞተሩ ማተሚያ አንቀሳቅሶ ስለ ኤሌክትሮማግኔት የሚናገር ጋዜጣ አተመ። ለእኛ ለጽሑፍ ወዳጆች ይህ አይረሳም፤ ኤሌክትሪክ ከሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ቃል ማተም ነበር።

በ1842 ቻርልስ ግራፍተን ፔጅ የሚባል የሳሌም ተወላጅ ሐኪም የፓተንት መርማሪ ሆኖ ተሾመ። ስለ ኤሌክትሮማግኔት ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በአገሪቱ ጥቂት ነበር፤ ስለዚህም ችግር ሆነ። ሕጉ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በፓተንት ላይ ጥቅም እንዳይኖራቸው ይከለክላል። የሰውን ማግኔት ቀን ይመረምራል፤ የራሱን ሊያስመዘግብ አይችልም። በ1849 ኮንግረሱ ሃያ ሺህ ዶላር ሰጠውና ሎኮሞቲቭ ሠራ። ኤፕሪል 29 ቀን 1851 ከዋሽንግተን ወደ ብላደንስበርግ ነዳው። በሰዓት እስከ 31 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ ነገር ግን የባትሪዎቹ ሸክላ እየተሰነጠቀ፣ የሽቦው ሽፋን እየተበላሸ፣ ጉዞው ሥቃይ ሆነ። ሽፋኑ! ኤምሊ በቀሚሷ የደፈነችው ያው ቀዳዳ። ፔጅ ለቀደመው የጥቅልል ሥራው ፓተንት ያገኘው ኮንግረሱ በ1868 ለእሱ ብቻ ልዩ ሕግ ካወጣለት በኋላ ነው፤ ፓተንቱ በኤፕሪል ወጣ፣ እሱ በሜይ ሞተ።

የፓተንት ዕድሜ ያኔ 14 ዓመት ነበር። ቁጥር 132 ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1851 ዘመኑን ጨረሰ። የፔጅ ባቡር ከዋሽንግተን ሲነሣ በማግኔት ማሽን ማንቀሳቀስ የማንም አልነበረም፤ የሁሉም ሆኗል። ዴቨንፖርት በዚያ ጊዜ ሳሊስበሪ በምትባል የቨርሞንት መንደር ነበር። ሞተሩን ትቶታል። በመጨረሻ ዘመኑ ሲሞክር የነበረው የፒያኖ ክር ከተመታ በኋላ ድምፁ ቶሎ እንዳይሞት በኤሌክትሮማግኔት ማቆየት ነበር። ጁላይ 6 ቀን 1851፣ 49 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሙከራው ሳያልቅ አረፈ።