ኮልፌ ቀራንዮና የእንደራሴው ወንበር

የአዲስ አበባን ምዕራባዊ ወገን ይዞ፣ ከኮልፌ ገበያና ከአጠና ተራ አንሥቶ እስከ አየር ጤናና እስከ ዓለም ባንክ የሚዘረጋው፣ ስሙንም ከጥንቱ የኮልፌ ሰፈርና ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደብር አጣምሮ የወሰደው ኮልፌ ቀራንዮ፣ በአንድ አስተዳደር ሥር በዚህ ስም መጠራት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ከተማዪቱ በ10 ክፍላተ ከተማ በተከፈለች ጊዜ ነው፤ የነዋሪዎቹ የምርጫ ታሪክ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን ሲያቆም፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡለት ወስኖ ነበር። «እስኪበቃ ድረስ» የተባለው ጊዜም፣ የጠላት ወረራና የስደቱ ዘመን ተጨምሮበት፣ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ፈጀ። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በዚሁ ፈቃድ በተሰበሰበው ምክር ቤትም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው ገቡ። ዳሩ ግን የፖለቲካ ማኅበር ማቋቋም አልተፈቀደም፤ ለመመረጥ የሚሻውም ሰው በምርጫ ወረዳው ነዋሪና ባለ ንብረት መሆን፣ ይኸውም 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ሀብት ያለው መሆን ይገባው ነበር። ስለዚህ በኮልፌ በኪራይ ቤት የሚያድር ሸማኔ ወይም አጠና ተሸካሚ የጌታውን ስም መርጦ ይመለሳል እንጂ፣ የራሱን ስም ለማስመረጥ የሚያስችለው መንገድ አልነበረውም። እኔ የዚያን ዘመን ምርጫ ሙሉ በሙሉ ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም፤ ነገር ግን በግማሽ የተከፈተ ደጅ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ሁለተኛው ዙር ምርጫ ከተፈጸመ ብዙ ሳይቆይ፣ በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ሊማሩ መጡ። የተቀበሏቸውም በኋላ ዘመን ደርግ የረሸናቸው የፖሊስ መኮንኑ ታደሰ ብሩ ነበሩ። ስድስት ወር ይፈጃል ተብሎ የታሰበው ትምህርት በሁለት ወር ያህል ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ እንደ ደረሱም ተያዙ። ለወገኖቻቸው የተነፈገውን ድምፅ በጠመንጃ ለማስመለስ የሚሰናዱት እንግዳ፣ የሚጠለሉበት ሰፈር ሕዝብ ድምፅ እየሰጠ ነገር ግን ማኅበር እንዳያቆም የተከለከለ መሆኑን አስተውለውት ይሆን?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ምክር ቤቱም አብሮ ተዘጋ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. የተደረገው የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ በአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር ስለ ተፈጸመ፣ የሀብት ሚዛን ቀርቶ የፓርቲ ሚዛን ገባ ከማለት ሌላ የሚጨመርበት ብዙ የለም።

የ1986ቱ ዓመት ግን ሊታለፍ አይገባም። ሚያዝያ 19 ቀን ጥቁር ደቡብ አፍሪቃውያን፣ ከእነርሱም ጋር የኮልፌው የቀድሞ ተማሪ፣ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ድምፅ ሰጡ፤ በ39ኛው ቀን፣ ግንቦት 28፣ የኮልፌ ሰዎች ከመላው ኢትዮጵያውያን ጋር የሕገ መንግሥት ጉባኤ አባላትን ለመምረጥ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ውጤት ከከተማዪቱ ውጤት ተለይቶ አይነበብም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተቃዋሚዎቹ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤትም ከ138ቱ 137ቱን ሲያሸንፍ፣ የኮልፌ ቀራንዮ ወንበሮች በዚያው ጎርፍ ሄዱ። ምርጫውን ተከትሎ ከመጣው ብጥብጥና እስር በኋላ ግን ከተማዪቱ በተሾመ ባለአደራ አስተዳደር ትተዳደር ጀመር። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ገዥው ኢሕአዴግ በተራው ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ወሰደ። በሦስት ዓመት ውስጥ የአንድ ከተማ ሕዝብ ልብ ይህን ያህል ተገለበጠ ብሎ ማመን ለእኔ ይከብደኛል፤ ቁጥሩ የተገለበጠው የሚወዳደረው ወገን ከሜዳው በመውጣቱ ነው። በ2002 ኢሕአዴግ ከ23ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች 22ቱን ሲያገኝ አንዱ ለመድረክ እጩ ለአቶ ግርማ ሰይፉ ቀረ፤ በ2007 አንድም ለተቃዋሚ አልተረፈ፤ በ2013 ኢሕአዴግን የተካው ብልጽግና 22ቱን ያዘ።

ክፍለ ከተማው ሲወለድ የከተማዪቱ የቀድሞዎቹ 28 ወረዳዎች ፈረሱ፤ የምርጫ ክልሎቹ ግን የፈረሱትን ወረዳዎች ቁጥር እንደ ያዙ ቀሩ። ወንበሮቹ 23 ሲሆኑ የቁጥሩ ተራ እስከ 28 የሚዘልቀውም ስለዚህ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከ428,000 በላይ ሰው የተገኘበት ኮልፌ ቀራንዮ ከክፍላተ ከተማው ሁሉ በሕዝብ ብዛት ቀዳሚ ነበረ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከ30,000 ሰው በላይ ላለው ከተማ አንድ እንደራሴ፣ ከዚያ በላይ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ 50,000 ሰው ደግሞ አንድ አንድ ይጨምር ነበርና፣ ያ ስፍር በዚያው ቆጠራ ላይ ቢሠራ ኮልፌ ቀራንዮ ብቻውን 8 እንደራሴ፣ ከተማዪቱም በጠቅላላው ከ50 በላይ በላኩ ነበር።