ከነጋድራስ እስከ መንጃ ፈቃድ፦ ብቃት በይፋግ መንገድ



በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ታላቅ ገበያና ኬላ ነበረች። የቅፍለቱ መሪ ነጋድራስ ነበር፤ ብቃቱም በወረቀት ሳይሆን በተጓዦቹ አመኔታ ይታወቅ ነበር።

መኪና ሲመጣ ምስክርነቱ ወደ መንግሥት ተሻገረ። አዋጅ ቁጥር 600/2000 ፈቃዱን በተሽከርካሪ ዓይነት ለየው፦ ባለ ሦስት እግር፣ ታክሲ፣ ሕዝብ ማመላለሻ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት። በዚህ አከፋፈል አንድ ቁም ነገር አያለሁ፤ ነዳጅ በቦቴ ሲጫን የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ተሽከርካሪው በምን ኃይል እንደሚንቀሳቀስ ግን መለያ አልሆነም።

ሁሉም በቤንዚንና በናፍጣ ሲነዳ ይህ አላስቸገረም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን ጥያቄው ተለወጠ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ ድምፁም ዝቅተኛ ስለሆነ በፎገራ ሜዳ ከብት የሚነዳ እረኛ መቅረቡን ላይሰማ ይችላል። ከግጭት በኋላ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሩን ያልሠለጠነ ሰው ሊነካው አይገባም።

ስለዚህ ሙግቴ ይህ ነው፦ ቅፍለት መሪ ጭነቱን ብቻ ሳይሆን አጋሰሱንም ማወቅ ነበረበት። የዛሬው ሥልጠናና ፈቃድም አሽከርካሪው የሚጭነውን ብቻ ሳይሆን መኪናውን የሚያንቀሳቅሰውን ኃይል ማወቁን ሊመሰክር ይገባል።