ማሞቂያው ለምን መስኮት ሥር ተቀመጠ?

አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር ዘመዳችሁ በቪዲዮ ሲደውል ከጀርባው ያለውን ግድግዳ እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ራዲያተሩ ወይም ሞቃት አየር የሚወጣበት የብረት ፍርግርግ ብዙ ጊዜ ከመስኮት ሥር ነው። ነገሩ ግራ ያጋባል። መስኮት እኮ ሙቀት በቀላሉ የሚያመልጥበት ቦታ ነው! በስንት ገንዘብ የሞቀውን አየር ወስዶ እዚያ መልቀቅ ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

መልሱ ያለው አየሩ ክብደት ላይ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር፣ 20 ዲግሪ ላይ ካለው በ90 ግራም ገደማ ይከብዳል። ውጭ በረዶ ሲሆን መስታወቱን የነካው የክፍሉ አየር ይቀዘቅዝና ይከብዳል፤ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶም ወለሉ ላይ ይፈሳል። ቴርሞሜትሩ 20 ዲግሪ እያሳየ መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ሰው እግሩን የሚበርደው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ገላው ራሱ ሙቀቱን ወደ ቀዝቃዛው መስታወት ይለቃል። ሞቃት አየር ከመስኮቱ ሥር ሽቅብ ሲነሳ ግን የሚወርደውን ብርድ መንገድ ላይ ያገኘዋል።

ሮማውያን የቦታ ምርጫ ብዙም አላስጨነቃቸውም። ቪትሩቪየስ የተባለው የሥነ ሕንፃ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን እንደገለጸው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል የሚያርፈው ሁለት ጫማ፣ ማለትም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው የሸክላ ምሰሶዎች ላይ ነው። የእሳቱ ትኩስ ጭስ በመካከላቸው ሲያልፍ ወለሉ በሙሉ ማሞቂያ ይሆናል። ደስ ይላል፤ ግን ማገዶውን ሌት ተቀን የሚማግድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባሪያ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የከሰል ምድጃው ምድር ቤት ገባ። ማራገቢያ ስላልነበረው አየሩ ወደ ላይ የሚወጣው ስለሞቀና ስለቀለለ ብቻ ነው። ይህ ጉልበት በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ቱቦዎቹ ወፍራምና አጭር መሆን ነበረባቸው፤ ከምድጃው በየአቅጣጫው ስለሚዘረጉም ሰዎች «ኦክቶፐስ» ይሉት ነበር። አጭር ቱቦ የቤቱ ዳር ላይ አይደርስም። መውጫዎቹ በቤቱ መሃል፣ በውስጥ ግድግዳዎች በኩል ቀሩ። ቦታውን የመረጠው እንግዲህ ምድጃው እንጂ እግሩን የሚበርደው ሰው አይደለም። ሞቃቱ አየር ጣሪያ ጣሪያውን ሄዶ መስኮት ጋ ይቀዘቅዝና በወለሉ በኩል ይመለሳል።

ራዲያተር ይህ ችግር አልነበረበትም። እንፋሎት ወይም ሙቅ ውኃ በቀጭን ቧንቧ ብዙ ሙቀት ይሸከማልና ያለ ብዙ ጣጣ መስኮት ሥር ይደርሳል። የአየሩ ማሞቂያ እዚያ የደረሰው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሙከራ በተሠራ እውነተኛ መኖሪያ ቤት ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ ያለውን የሙቀት ልዩነት ይለኩ ነበር። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሲስፋፋ ደግሞ ረጅምና ቀጭን ቱቦ መዘርጋት ተቻለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብርዳማ አካባቢዎች በተሠሩ ብዙ ቤቶች መውጫው የውጭውን ግድግዳ ተከትሎ መስኮት ሥር ገባ።

ከዚያ ኤሲ መጣና ነገሩን ገለበጠው። ከወለል የወጣ ቀዝቃዛ አየር በኃይል ካልተገፋ እዚያው ወለሉ ላይ ይተኛል። ለማቀዝቀዝ ጣሪያ፣ ለማሞቅ ወለል ይሻላል፤ ቱቦው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። እንደ ፍሎሪዳ ባለ ሞቃት አገር ጣሪያውን፣ በብርዳማው ሰሜን ወለሉን መምረጥ የተለመደው ለዚህ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በዓመት ውስጥ ብዙ ወር የሚያስቸግረው ብርዱ ነው ወይስ ሙቀቱ ብሎ ከመጠየቅ የተሻለ መለኪያ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ በጀርመን ዳርምሽታት ከተማ ነዋሪዎች የመጀመሪያዎቹ «ፓሲቭ ሃውስ» ቤቶች ውስጥ ገቡ። መስኮቶቻቸው ባለ ሦስት ድርብ መስታወት ነበሩ። እንዲህ ያለ መስኮት በብርድ ወራትም ከውስጥ በኩል ብዙ ስለማይቀዘቅዝ ከላይ የሚወርድ ብርድ የለም ማለት ይቻላል፤ ማሞቂያውም እሱን ለመከላከል ከሥሩ መቆም የለበትም። እናም በእንዲህ ዓይነት ቤት የሙቀት መውጫው እንደ ኦክቶፐሱ ዘመን አጭር ቱቦ ይዞ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ መመለስ ይችላል፤ ያውም የማንንም እግር ሳያስበርድ።