ባስልዮስና የአሕዛብ መጻሕፍት

ግጥምና ልብ ወለድ የሚወድ ክርስቲያን ወጣት፥ «ይህ መጽሐፍ የእግዚአብሔርን ስም አያነሣምና ልተወውን?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ከሺሕ ስድስት መቶ ዓመት በፊትም ብዙዎችን አስጨንቆ ነበር።

በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የቀጰዶቅያው ባስልዮስና ወዳጁ ጎርጎርዮስ በአቴና ይማሩ ነበር። ትምህርታቸው የሆሜሮስ ግጥምና የጥንት ተናጋሪዎች ጥበብ ነው፤ በግጥሙም ውስጥ አማልክት ሲጣሉና ሲያመነዝሩ ይነበባል። በ355 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ኋላ የነገሠው ዩልያኖስም በዚያችው ከተማ ለጥቂት ጊዜ ተማረ። ያነበቡት አንድ ሲሆን ይዘው የወጡት ፍሬ ግን ተለያየ።

ዩልያኖስ በነገሠ ጊዜ ወደ አማልክቱ መመለሱን በግልጽ አሳየ፤ በ362 ዓ.ም. ክርስቲያን መምህራን የግሪክን መጻሕፍት እንዳያስተምሩ ከለከለ። የማያምኑበትን ማስተማር ግብዝነት ነው ይል ነበርና። በአቴና ስመ ጥር የነበረው መምህር ፕሮሐይሬስዮስ፥ ንጉሡ ለእርሱ ብቻ ቢፈቅድለትም፥ በፈቃዱ ወንበሩን ለቀቀ። አጵሎናርዮስ የተባሉ አባትና ልጅም ቅዱሳት መጻሕፍትን በግሪክ ግጥም ስልት ደረሱ። ነገር ግን ዩልያኖስ በ363 ዓ.ም. በፋርስ ጦርነት ሞተ፤ ሕጉም ብዙ ሳይቆይ ቀረ። መምህራኑ ወደ ሆሜሮስ ተመለሱ፤ የአባትና የልጁ ድርሰትም ተረሳ።

ለዩልያኖስ ቃል እውነተኛው መልስ የተገኘው ከባስልዮስ ነው። በ370 ዓ.ም. የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ የሆነው ይህ አባት፥ ስለ አሕዛብ መጻሕፍት ለወጣቶች ምክር ጽፏል። ንብ በአበባው ሁሉ ላይ እንደማታርፍ፥ ካረፈችበትም የሚበጃትን ብቻ ቀስማ እንደምትሄድ፥ አንባቢም እንዲሁ ይሁን ይላል። ፀሐይን አስቀድሞ በውኃ ውስጥ ማየት የለመደ ዓይን ኋላ ወደ ብርሃኑ ቀና ሊል ይችላልና፥ ንባቡን ለቅዱሳት መጻሕፍት መሰናዶ ያደርገዋል። ጎርጎርዮስም በጥንቱ የግሪክ ስልት ብዙ መንፈሳዊ ግጥም ደርሷል። እንግዲህ የቃልን ውበት መውደድ ጣዖትን ማምለክ አይደለም።

ወጣት ሆይ፥ በዚህ ስፍራ አስተውል። ኃጢአት የተጻፈበት መጽሐፍ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ የዳዊት በደል በመጽሐፈ ሳሙኤል ሳይሸፈን ተጽፏል። ልዩነቱ፥ አንዱ ጸሐፊ በደልን ከነመራራ ፍሬው ሲያሳይ፥ ሌላው ፍሬውን ደብቆ ጣፋጭ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ይህን ሳይለይ የሚያነብ ሰው ማሩን ከመርዙ ጋር ይጠጣል፤ ፈርቶ ሁሉን የሚዘጋ ደግሞ ማሩንም ያጣል።

የባስልዮስ ስም በግእዝ ቅዳሴያችን ይጠራል፤ ምክሩም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሳይንቅ ወርቁን ይፈልጋል፤ ወርቁንም ካገኘ በኋላ በሰሙ አይታለልም። አንተም መጽሐፍ ስትከፍት ይህን ልብ ይዘህ ክፈት፤ ስትዘጋውም ምን ቀስመህ እንደ ወጣህ ራስህን ጠይቅ።