ወፏንም ጨምሮ

አርሲ ነገሌ፣ እኛ ቤት፣ ካሴት የሚቀዳው ዶሮዎቹ ከግቢ ከተባረሩ በኋላ ነበር። አንዱ በር ላይ ይቆማል፤ ሌላው የቴፑን ቀይ ቁልፍ ከማጫወቻው ጋር አጣምሮ ይጫናል። ከሙዚቃ ቤት የተገዛ ካሴት ከሆነ ከጀርባው ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ይወተፋሉ፤ ያለዚያ ቀይዋ አትጫንም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ወደ ሻሸመኔ የሚያልፍ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ዘፈኑ መሀል ይለቅበታል። እንደገና ከመጀመሪያው!

ከዚህ ጣጣ የሚገላግል ማሽን የጃፓኑ ቲያክ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ አውጥቶ ነበር፤ ፖርታስቱዲዮ 144 ይባላል። ተራ ካሴት በአንዱ ጎን ሁለት፣ ሲገለበጥ ሁለት፣ በድምሩ አራት የድምፅ መስመር አለው። ማሽኑ አራቱንም በአንድ አቅጣጫ ስለሚጠቀምባቸው ካሴቱ አይገለበጥም። የሚሽከረከረውም በእጥፍ ፍጥነት ነውና የ60 ደቂቃው ካሴት 15 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። ትርፉ ግን ትልቅ ነው። ዛሬ ጊታር የቀዳ ሰው ነገ እሱን እየሰማ ይዘፍንበታል፤ ቢሳሳት ድምፁን ብቻ ይደግማል፤ ጊታሩ አይነካም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን «ነብራስካ» የተባለውን አልበሙን በ1982 ኪራይ ቤቱ ውስጥ በዚሁ ማሽን ቀድቶ፣ ከባንዱ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ ቢሞክረው የቤቱ ካሴት በለጠበት፤ የታተመውም እሱ ነው።

ከእኛ ሰዎች ለዚህ አሠራር የሚቀርበው ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና ድራም ማሽኑን ብቻውን እየደራረበ «ሸሞንሟናዬ»ን ሠራ። ቤት ውስጥ ሳይሆን በአንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ነበር፤ ቢሆንም አንድ ሰው ባንድ ሆነ። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ።

እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ምንም ያልተደረበበት ቅጂ ነው። መነኩሲቷን ሙዚቀኛ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን በ1967 ጀርመን ባሳተሙት ሸክላ የምናውቃቸው በፒያኖ ብቻ ነበር። በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ሳሉ፣ ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ ዘፍነው በተራ ቴፕ ቀድተዋል። ስለ ሀገርና ስለ ስደት ያዜሙት ገና ከሀገር ሳይወጡ ነው፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱት በ1984 ነበር። ዘፈኖቹ «ሱቬኒርስ» ተብለው የወጡት በ2024፣ በ99 ዓመታቸው ካረፉ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

እዚህ ቅጂ ላይ የሚለያይ መስመር የለም። ፒያኖው ቢስተካከል ድምፃቸው ይነካል። የመቀመጫው ሲጥሲጥታ፣ ጣታቸው ቁልፉን ሲጫን የሚሰማው ኳታ፣ ከመስኮቱ ውጭ የምትንጫጫው ወፍ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገብተዋል። ባለ አራት መስመሩ ማሽን ቢኖራቸው ኖሮ ምናልባት ድምፃቸውን ጸጥ ባለ ሰዓት ይደግሙት ነበር። እንኳን አልኖራቸው እላለሁ። የዚያ ዘመን አዲስ አበባ በፊልምም በፎቶም አለች፤ የአንድ ሳሎን ጠዋት ግን እንዲህ ተቀድቶ የቀረበት ሌላ ካሴት አላጋጠመኝም።

ወፏን በር ላይ ቆሞ ያባረራት አልነበረም።