አውሮፕላን ስንመርጥ ሰማያችንን እንይ

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ለሚኖር ሰው አውሮፕላን ብርቅ አይደለም። ወደ ቦሌ የሚወርዱት ጎማቸውን ዘርግተው፣ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ቀና ብሎም አያያቸው። ልጆች ግን ያያሉ። ከነዚያ ልጆች አንዳንዱ አድጎ ገንዘብ ሲይዝ፣ ወይም ውጭ አገር ያለ አጎት «ምን ልላክልህ?» ሲለው፣ የሚመኘው ነገር አለ፤ በሬዲዮ የሚታዘዝ፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ ከ2 ሜትር የሚበልጥ፣ አየር ላይ የሚገለባበጥ ትልቅ ሞዴል አውሮፕላን።

«መጫወቻ አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ክብደቱ 7 ወይም 8 ኪሎ የሆነ፣ ቤንዚን የሚጠጣ፣ ጣት የሚቆርጥ ፕሮፔለር የሚያሽከረክር ነገር መጫወቻ አይባልም። ዋጋውም የመጫወቻ አይደለም። ታዲያ እንዴት ይመረጣል? ጥያቄው ለአገራችን አዲስ አይደለም። መልሱንም ከካታሎግ ይልቅ ታሪካችን ያስተምረናል።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለውን አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ ገፈርሳ ሜዳ ላይ አሳረፈው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለ። ቀጥሎም ፋርማን ከፈረንሳይ፣ ሞዝ ከእንግሊዝ መጣ። ሁሉም ከየአገሩ ወዳጅ ለማፍራት ጠቅሞ ይሆናል። ለጥገና ግን መከራ ነው። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይገጥምም፤ የአንዱን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ በሌላው ፊት ጀማሪ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን በእጃችን የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂት ነበሩ፤ ለውጊያም የሚበቁ አልነበሩም።

የአክሮባት ነገር ከተነሳ ደግሞ ሁበርት ጁሊያን አይረሳም። የትሪኒዳድ ተወላጅ ነው፤ በሃርለም ስሙ የገነነ ጥቁር አብራሪና ፓራሹት ዘላይ። በ1923 ዓ.ም. ከንግሥ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሳሱላትን አዲስ ጂፕሲ ሞዝ ይዞ ተነሳና ዛፍ ላይ ከሰከሳት። እሱ ተረፈ፤ አውሮፕላኗ ተሰበረች፤ እሱም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላው ምርጫ ደግሞ ራስን መሥራት ነበር። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ሠራ። በልዕልቲቱ ስም «ፀሐይ» ተባለች፤ በ1928 ዓ.ም. በረረች። ወራሪው ማርኮ ወሰዳት፤ ሮም አጠገብ ባለ የአየር ኃይል ሙዚየም ብዙ ዘመን ከኖረች በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለባለቤቷ ተመለሰች። የገዛናቸው አብዛኞቹ ተሰባብረው ሲጠፉ፣ በእጃችን የሠራናት ግን ዛሬም አለች።

ከጦርነቱ በኋላ የተደረገው ምርጫ ይበልጥ ብልህነት ነበረበት። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ተዋውሎ ሲቋቋም ሥራ የጀመረው በአምስት ሲ-47 ነው። ከጦርነት የተረፉ፣ መልካቸው የማያምር ናቸው። ነገር ግን አምስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሣር ሜዳና ኮረኮንች ላይ ያርፋሉ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። የጄት ዘመን ሲመጣም በ1955 ዓ.ም. የተመረጠው ቦይንግ 720ቢ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አዲስ አበባና አስመራ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከዚህ ከፍታ የሚነሳ ጄት ጉልበት ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ነው የትልቁና የትንሹ አውሮፕላን ነገር አንድ የሚሆነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር፣ ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ ግድም ይሳሳል። በዚያው ልክ የቤንዚን ሞተር ጉልበት ይቀንሳል፣ ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ያንሰዋል። ሒሳቡን እንሥራው። ግፊቱ የክብደቱን 1.2 እጥፍ ነው ተብሎ የተሸጠ ሞዴል፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቀጥ ብሎ መቆም ይችላል። እኛ ዘንድ ሲመጣ ያ 1.2 ወደ 0.96 ይወርዳል። ከክብደቱ አነሰ ማለት ነው፤ ተንጠልጥሎ መቆሙ ቀረ። ሲያርፍም ፍጥነቱ በ12 በመቶ ግድም ስለሚጨምር ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ባትሪ ይሻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ሳሳብኝ አይልም። ፕሮፔለሩ ግን ይላል።

ስለዚህ መራጩ ከቀለሙ በፊት ክብደቱን ይጠይቅ። ለአንድ መጠን ክንፍ ቀለል ያለው፣ ለዚያው ክብደት ሞተሩ ተለቅ ያለው ለኛ ይስማማል። ቀጥሎ «ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?» ይበል። መሰበሩ አይቀርምና። የእንጨቱ ሞዴል ቤት ውስጥ በሙጫና በምላጭ ይታከማል፤ ከካርቦን የተሠራው ብዙ ጊዜ ሌላ ትእዛዝና ሌላ የውጭ ምንዛሪ ነው። ሁለት የተለያዩ ሞዴሎች ከመግዛት አንዱን መግዛትና በቀረው ብር መለዋወጫውን ማስቀመጥ፣ አምስቱ ሲ-47ዎች ያስተማሩን ነው። ጀማሪ ከሆነ ደግሞ በትንሽ መለማመጃ ይጀምር፤ ጁሊያንን ያስታውስ።

የመጨረሻው ጥያቄ የሜዳ ነው። ሀይሌ ጋርመንት ላይ ኮንዶሚኒየሙ፣ የመብራት ሽቦው፣ የቀለበት መንገዱ ሕዝብ አለ። ከላይ ደግሞ መቶዎችን የጫነ ጄት ይወርዳል። እዚያ መካከል 8 ኪሎ ብረትና እንጨት ማስነሳት ጨዋታ ሳይሆን ወንጀል ነው። ፈቃዱን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቆ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሰው የሌለበት ሜዳ መፈለግ የምርጫው አካል ነው። ሜዳ የሌለው ሰው አውሮፕላን አልገዛም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ገዛ እንጂ።

የልጆቹን ምኞት ግን አናጣጥለው። እንጨት ለክቶ፣ ክንፍ አጣብቆ፣ ሞተር ፈትቶ የገጠመ ልጅ ነገ የቦሌን ጥገና ሃንጋር ይሞላል። «ፀሐይ»ን የሠሯትም እጆች ሥራውን ሲጀምሩ ያለማመዳቸው የለም ነበር። ለልጁ የሚበጀው የተጠናቀቀውን ገዝቶ ከመስጠት ይልቅ፣ ሲሰበር ራሱ የሚጠግነውን መምረጥ ነው።