ከግመል ወደ ባትሪ፦ የአጣዬ መንገድና የተሽከርካሪ ምርጫ ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በአጣዬ የሚኖር አንድ ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ «ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ልግዛ ወይስ ክሮስኦቨር የምትባለውን ከፍ ያለች የኤሌክትሪክ መኪና?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ የሚፈለገው ከነጋዴና ከመካኒክ ይመስላል። እኔ ግን ጥያቄው የታሪክም ነው እላለሁ። ሰው ተሽከርካሪ ሲገዛ ብረቱን ብቻ አይገዛም፤ ከብረቱ ጀርባ ያለውን መንገድ፣ የነዳጅ መስመር፣ የጋራዥ እውቀትና የመንግሥት ውሳኔ አብሮ ይገዛል። እነዚህም በአንድ ጀንበር የቆሙ አይደሉም።

ከይፋት ቆላ እንጀምር። ከመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት አንሥቶ ይህ ምድር ከባሕር ጠረፍ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው ቅፍለት መተላለፊያ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ጨውና ጨርቅ የጫነው ግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይመጣና ከአንኮበር ተዳፋት ግርጌ ይቆማል፤ ዳገቱ የግመል አይደለምና። ከዚያ ወዲያ ጭነቱ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዞራል። የአልዩ አምባ ገበያ የደመቀው በዚህ መገናኛ ላይ ስለ ነበረ ነው። የዚያ ዘመን ነጋዴ «ግመል ይሻላል ወይስ በቅሎ?» ብሎ አልተከራከረም፤ ሁለቱም በየቦታቸው ይሻሉ ነበርና። ይልቁንም «ጭነቱ የት ይለወጣል?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያመጣው ነበር። ሆኖም መኪና ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጌጥ ሆኖ ቆየ። ለይፋት ሕዝብ መኪና የመጣው ከመንገድ ጋር ነው፤ መንገዱም የመጣው ከወረራ ጋር ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በደሴ አድርጎ ወደ አሥመራ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ሠራ፤ የጣርማ በርንም ተራራ በዋሻ በሳው። ዓላማው ጦር ማጓጓዝና አገር መያዝ ነበር። ወራሪው ሲባረር ግን መንገዱ ቀረ፤ ከመንገዱም ጋር የጭነት መኪናው፣ ከጭነት መኪናውም ጋር ቋንቋው ቀረ።

ስለዚህ ቋንቋ ጥቂት ልበል፤ ለታሪክ ተማሪ ቃል ሰነድ ነውና። በአገራችን «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ የሚታወሰው የጭነት መኪና ፊያት 634 ኤን ነው። «ኤን» የምትለው ፊደል «ናፍታ» ለሚለው የጣልያንኛ ቃል የቆመች ናት። እኛ «ናፍጣ» የምንለውም ይኸንኑ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቤንዚን የሚሉት ሁሉ ከዚያው ምንጭ የተቀዱ ናቸው። እነዚህን ቃላት ያስተማረ የተጻፈ መጽሐፍ አልነበረም። ረዳቱ ከሾፌሩ፣ ለማጁ ከመካኒኩ እየሰማ፣ በመንገድ ዳር ከመኪና ሥር ተኝቶ የተማራቸው ናቸው። የናፍጣ መኪና ዛሬ በአጣዬ «የሚታመን» የሆነው በተፈጥሮው አይደለም፤ የሁለትና የሦስት ትውልድ የእጅ እውቀት ከኋላው ስላለ ነው።

ከነጻነት በኋላ የዓለም ባንክ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ፣ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ በ1943 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ አውራ ጎዳናዎች ጥገና ተሰጠ፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በአዋሽና በሚሌ በኩል የሚያልፈው መንገድ እስኪሠራ ድረስም ከአሰብ ወደብ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው የጭነት መኪና በባቲና በኮምቦልቻ ወጥቶ፣ ከሚሴን፣ ካራቆሬን፣ አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ ወደ ጣርማ በር ይወጣ ነበር። ሾፌር የሚያድርበት፣ ጎማ የሚለጠፍበት፣ ምግብ የሚበላበት ሁሉ ከተማ ሆነ።

ነዳጁ ግን ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ነበር። የአሰብ ማጣሪያ በ1959 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም ድፍድፉ የሌላ አገር ነው። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የዘይት ዋጋ ሲንር መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ ይህም አድማ ዘውዱን ከጣሉት ክስተቶች አንዱ ሆነ። በደርግ ዘመን ነዳጅ በራሽን ተሰጠ። ከ1990ው የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ደግሞ አሰብ ተዘግቶ ሸክሙ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የፒክአፑ ጥንካሬ እውነት ነው፤ የሚጠጣው ናፍጣ ግን በውጭ ምንዛሪና በሌላ አገር ወደብ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የ2016 ዓ.ም. ውሳኔ ከዚህ ታሪክ የወጣ ነው። በጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ ኢትዮጵያም እንዲህ ያለ እገዳ የጣለች የመጀመሪያዋ አገር ተባለች። ከዚያ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ተደርገው ነበር። የሒሳቡ መሠረት ግልጽ ነው፦ ዘይት የለንም፤ የወንዝ ኃይል ግን አለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ይሁን እንጂ በአገር ደረጃ ትክክል የሆነ ሒሳብ በአጣዬ ደጃፍ ላይ ወዲያው ትክክል አይሆንም። መንገዱን ተመልከቱ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ለመውጣት፣ ከመደበኛው ፍጆታ በላይ፣ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ይኸውም የ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ስድስተኛ እጅ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ፍሬን እየያዘ ከዚህ ብዙውን ይመልሳል፤ የናፍጣ መኪና ግን ጣርማ በርን ሲወርድ ፍሬኑን ከማጋል በቀር የሚያተርፈው የለም። ስለዚህ ዳገቱ ራሱ ክሮስኦቨሯን አይከለክላትም። የሚከለክላት ከዳገቱ በፊት የምትሞላበት ቦታ ማጣቷ ነው። ፈጣን የመሙያ ጣቢያ በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባም ከአጣዬ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ሌላም ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በጥቃት ስትቃጠል፣ ከዚያም በጦርነቱ ወራት በሰሜን ሸዋና በወሎ ብዙ ከተሞች መብራት ሲያጡ፣ ሰው የቀረው የያዘው ብቻ ነበር። በርሜል ናፍጣ በጓሮ ይቀመጣል፤ የተቋረጠ መስመር ግን አይቀመጥም። ቤተሰቡን በጭነት መኪና ላይ አሳፍሮ የሸሸ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲጠራጠር ሥልጣኔ አልገባውም ብለን ልንፈርድበት አይገባም። ጥርጣሬው የተመሠረተው በራሱ ላይ በደረሰው ነው።

እንግዲህ ምን እንበል? ከቀወት ማሳ ሽንኩርትና ማሾ የሚጭን ሰው ዛሬ ፒክአፑን ቢመርጥ ትክክል ነው። በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ መካከል ሰው ይዞ የሚመላለስ ደግሞ ኤሌክትሪኳን ቢመርጥ ትክክል ነው። ሁለቱም እንደ ግመሉና እንደ በቅሎው በየቦታቸው ይሻላሉ። በመካከላቸው ያለው ድንበር ግን ተፈጥሮ ያሰመረው አይደለም፤ ሰው የሚያንቀሳቅሰው ነው። የሚያንቀሳቅሰውም የጉምሩክ መመሪያ ብቻ አይደለም፤ በሸዋ ሮቢት ወይም በአጣዬ የሚተከል አንድ አስተማማኝ መሙያ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚሠለጥን አንድ የባትሪ ባለሙያ፣ ከሁሉም በላይ ሰላም ነው።

የይፋት ከተሞች የበለጸጉት መንገደኛ በሚቆምባቸው ቦታዎች ነው። አልዩ አምባ ግመል ስለሚቆምባት ደመቀች፤ አጣዬና ሸዋ ሮቢት በጭነት መኪና ሾፌር እረፍት አደጉ። ሙሉ በርሜል የያዘ ናፍጣ መኪና ሳይቆም ማለፍ ይችላል። ባትሪ የሚሞላ ግን ግማሽ ሰዓትም ሆነ አንድ ሰዓት ይቆማል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ይገበያያል። ያ ማረፊያ የሚሠራው በየትኛው ከተማ ነው? የሚወስነውስ ማን ነው? ይህ ለእናንተ ለተማሪዎች የምተወው ጥያቄ ነው። እስካሁን በዚህ መንገድ ላይ የተወሰነው ሁሉ በሮም፣ በዋሽንግተን ወይም በአዲስ አበባ ተወስኖ የመጣ ነው፤ የመንገድ ዳር ሰው የተጠየቀበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ወደ ውይይቱ እንለፍ።